ስም ሲጠራ «አቤት»



ውድ ተማሪዎች፣ የክበባችሁ ሊቀመንበር ከሁለት ሳምንት በፊት ደወለችልኝና «ጋሼ፣ ፕሮግራም መጻፉን ለምደነዋል። የሚያቆመን ሴንሰር ስናገናኝ ነው። ቪዲዮ ላይ ያየነውን ትእዛዝ እንገለብጣለን፤ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም፤ ለምን እንደሆነ ግን አናውቅም» አለችኝ። «ለምን እንደሆነ አናውቅም» ያለችው ከጆሮዬ አልጠፋም። ሲሠራ ለምን እንደሠራ የማያውቅ ሰው፣ ሳይሠራ ሲቀር መሄጃ የለውም። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ለዚያች ልጅ ጥያቄ መልስ ነው።

ርእሴ አይ-ቱ-ሲ ነው፤ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ከሴንሰር፣ ከሰዓትና ከስክሪን ጋር በሁለት ሽቦ ብቻ የሚነጋገሩበት መንገድ። ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ሽቦዎቹ እንዴት እንደሚነጋገሩ፤ ቀጥሎ ራስቤሪ ፓይ በምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ መንገዱ እንዴት እንደሚከፈት፤ በመጨረሻም እምቢ ሲል ፍለጋው ከየት እንደሚጀመር። ትእዛዞቹ ፊደል በፊደል ከኋላዬ ባለው ስክሪን ላይ ይታያሉ፤ ስለዚህ ለመጻፍ አትቸኩሉ፣ አሁን ስሙኝ።

ከዚያ በፊት ግን ይህ ጉዳይ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የዘር ድንች የሚቀመጥበት አንድ መጋዘን ውስጥ ሙቀትና እርጥበት እየለካች የምትመዘግብ ራስቤሪ ፓይ ተከልኩ። ኢንተርኔት የለም፤ መብራት በየጊዜው ይጠፋል። ከወር በኋላ ተመልሼ መዝገቡን ስከፍት አንድ እንግዳ ነገር አየሁ። በመጀመሪያው ሳምንት መጋዘኑ በጣም የሚሞቀው ቀን 8 ሰዓት ላይ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ረፋድ 4 ሰዓት ሆነ። በሦስተኛው ንጋት 11 ሰዓት! ፀሐይ ሳትወጣ የሚሞቅ መጋዘን የለም።

ምክንያቱ ይህ ነበር። ራስቤሪ ፓይ መብራት ሲጠፋ ጊዜ የሚቆጥርላት ሰዓት አልነበራትም። ስትነሳ ትክክለኛውን ሰዓት ከኢንተርኔት ትጠይቃለች፤ ኢንተርኔት ከሌለ ደግሞ ከመጥፋቷ በፊት ካርዷ ላይ ያስቀመጠችውን የመጨረሻ ሰዓት አንስታ ከዚያ ትቀጥላለች። መብራት ለ4 ሰዓት ከጠፋ እነዚያ 4 ሰዓታት ለእሷ አልነበሩም። በየጊዜው እየዘገየች፣ እየዘገየች ሄደች። መብራቱ መቼ ጠፍቶ መቼ እንደመጣ የጻፈ ሰው ስላልነበረ መዝገቡን ማቃናት አልተቻለም። የአንድ ወር ልኬት እንዳለ ቀረ። ጥፋቱ የመብራቱ አልነበረም፤ አንዲት ትንሽ የሰዓት ቺፕ በሁለት ሽቦ አለመግጠሜ ነበር።

እንግዲህ ዛሬ ምሳሌዬ ያቺ ቺፕ ናት፤ ዲኤስ3231 ትባላለች። የሳንቲም ቅርጽ ባላት ባትሪ እየታገዘች መብራት ቢኖርም ባይኖርም ትቆጥራለች። ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ስህተቷ በዓመት አንድ ደቂቃ ያህል ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ራስቤሪ ፓይ 5 የራሱ ሰዓት አለው፤ ያም ቢሆን ባትሪው ለብቻ ተገዝቶ ይሰካለታል። እናንተ እጅ ላይ ያሉት የቀደሙት ናቸው፤ ስለዚህ ሰዓቱን ራሳችን እንገጥማለን።

ወደ መጀመሪያው ነጥቤ ልግባ፤ ሽቦዎቹ እንዴት ይነጋገራሉ?

አይ-ቱ-ሲ የተፈጠረው በ1982 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድሱ ኩባንያ በፊሊፕስ ነው፤ በብዙ ቤት ሬዲዮና ቴሌቪዥኑን የምናውቀው ፊሊፕስ። አንድ ቴሌቪዥን ውስጥ ብዙ ቺፖች አሉ። እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር በየራሱ ሽቦ ማገናኘት ሰሌዳውን የሽቦ ጫካ ያደርገዋል። መሐንዲሶቹ ያገኙት መፍትሔ ሁሉም በሁለት የጋራ ሽቦ ይነጋገሩ የሚል ነው። አንደኛው ሽቦ ኤስዲኤ ይባላል፤ መልእክቱ የሚሄድበት ነው። ሁለተኛው ኤስሲኤል ይባላል፤ ጊዜ የሚመታበት ነው፤ ልክ እንደ ከበሮ። በአንድ ምት አንድ ቢት፣ በሌላ ምት ሌላ ቢት ያልፋል።

ብዙ ሰው በአንድ ሽቦ ላይ ከተቀመጠ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዳያወራ ምን ያግደዋል? መልሱን ሁላችሁም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ታውቁታላችሁ። መምህሩ የስም መዝገብ ይዘው ይገባሉ። ስም ይጠራሉ። የተጠራው «አቤት!» ይላል። ያልተጠራው ዝም ይላል። የሌለው ልጅ ስም ሲጠራ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ መምህሩም ከስሙ ትይዩ ምልክት አድርገው ያልፋሉ። አይ-ቱ-ሲ ማለት ይህ ነው። ራስቤሪ ፓይ ጠሪ ናት፤ ሰዓቱ፣ ሴንሰሩ፣ ስክሪኑ ተጠሪዎች ናቸው። እያንዳንዱ ተጠሪ ቁጥር አለው፤ አድራሻ እንለዋለን። ጠሪዋ መጀመሪያ «ልጀምር ነው» የሚል ምልክት ትሰጣለች፤ ኤስሲኤል ከፍ ብሎ ሳለ ኤስዲኤን ዝቅ ታደርገዋለች። ከዚያ አድራሻውን በ7 ቢት ትጠራለች፣ በ8ኛው ቢት «ልጽፍልህ ነው» ወይም «ላነብህ ነው» ትላለች። በ9ኛው ምት ሽቦውን ለቅቃ ትጠብቃለች። የተጠራው ካለ ሽቦውን ዝቅ አድርጎ «አቤት» ይላል። ከሌለ ሽቦው ከፍ እንዳለ ይቀራል።

እባካችሁ ይህችን 9ኛ ምት ልብ በሉልኝ፤ ዛሬ ደጋግሜ እመለስባታለሁ። ስም ሲጠራ «አቤት» የሚል አለ ወይስ የለም? አብዛኛው ችግራችሁ የሚፈታው በዚህች አንዲት ጥያቄ ነው።

7 ቢት 128 አድራሻ ይሰጣል። ከእነሱ 16ቱ ለልዩ ሥራ ተይዘዋል፤ ስለዚህ 112 ይቀራሉ። ብዙ ይመስላል፤ በዓለም ላይ ካለው የቺፕ ዓይነት አንጻር ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ሞክሼዎች አሉ። የኛ ሰዓት ዲኤስ3231 አድራሻዋ በሄክሳዴሲማል 68 ነው። እንቅስቃሴ የሚለካው፣ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ኤምፒዩ6050 አድራሻውም 68 ነው። ሁለቱን አንድ ሽቦ ላይ ብታስቀምጧቸው አንድ ስም ሲጠራ ሁለቱም «አቤት» ይላሉ፤ የሚመጣውም ንባብ ድብልቅልቅ ነው። ክፍል ውስጥ ሁለት አበበ ሲኖር መምህሩ ምን ያደርጋሉ? የአባት ስም ይጨምራሉ። ኤምፒዩ6050 ላይም ኤዲ0 የምትባል እግር አለች፤ እሷን ከ3.3 ቮልት ጋር ስታገናኟት አድራሻው 69 ይሆናል። የአባት ስሙ ያ ነው። አድራሻ የማይለወጥለት ቺፕ ሁለት ካጋጠማችሁ ደግሞ አንዱን መስመር ወደ 8 ቅርንጫፍ የሚከፍል ቲሲኤ9548ኤ የሚባል ቺፕ አለ፤ ክፍሉን ወደ ሴክሽን እንደመክፈል ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የላይ ጎታች ሬዚስተር። በአይ-ቱ-ሲ ሽቦ ላይ ያለ ማንም ቺፕ ሽቦውን ወደ ላይ አይገፋም። ሁሉም ማድረግ የሚችለው ወደ ታች መሳብ ወይም መልቀቅ ብቻ ነው። በላስቲክ ወደ ላይ የተወጠረ ገመድ አስቡ። ማንም ሲስበው ይወርዳል፤ ሲለቁት ላስቲኩ ይመልሰዋል። ላስቲኩ ሬዚስተሩ ነው። ይህ ለምን ተመረጠ? ሁለት ቺፕ በስህተት አብረው ቢናገሩ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች እየገፋ እንዳይቃጠሉ ነው። እጅግ ትሑት፣ እጅግ ብልህ የሆነ አሠራር ነው፤ እኔ ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል።

ራስቤሪ ፓይ ለዚህ ሥራ በተመደቡት ሁለት እግሮቿ ላይ 1.8 ኪሎ ኦም ላስቲክ ከፋብሪካ ይዛ ትመጣለች። የምትገዙት ሞጁል ሁሉ ደግሞ የራሱን ይጨምራል፤ ብዙ ጊዜ 4.7 ወይም 10 ኪሎ ኦም። ሬዚስተሮች ጎን ለጎን ሲሆኑ ድምራቸው ያንሳል፤ ላስቲኩ ይጠነክራል ማለት ነው። 4.7 ኪሎ ኦም ያላቸው ሁለት ሞጁሎች ስትጨምሩ ጠቅላላው ወደ 1 ኪሎ ኦም ይወርዳል፤ ይህ ለተለመደው ፍጥነት ደንቡ ከሚፈቅደው ጠርዝ ላይ ነው። ሦስተኛ ስትጨምሩ ከጠርዙ ታልፋላችሁ፤ ደካማ ቺፕ ሽቦውን በደንብ ማውረድ ሊያቅተው ይችላል። «አንድ በአንድ ሲሰካ ይሠራል፣ ሁሉም ሲሰካ እምቢ ይላል» የምትሉት ነገር አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ከዚህ ሳልወጣ አንድ ማስጠንቀቂያ። ላስቲኩ የተንጠለጠለው ከየትኛው ቮልት ላይ ነው? ራስቤሪ ፓይ የምትችለው 3.3 ቮልት ብቻ ነው። ገበያ ላይ ያለው የሰዓት ሞጁልም ሆነ ከኤልሲዲ ስክሪን ጀርባ የምትለጠፈው ሰሌዳ 5 ቮልት ከሰጣችኋቸው ላስቲካቸው ሽቦዎቹን ወደ 5 ቮልት ይስባቸዋል፤ ያ 5 ቮልት ወደ ፓይዋ እግር ይገባል። ፓይ የዚያኑ ዕለት ላትሞት ትችላለች፤ ግን እየጎዳችኋት ነው። ሰዓቱን ከ3.3 ቮልት አብሉት፤ በ3.3 በደንብ ይሠራል። በተለመደችው ሰማያዊ የሰዓት ሞጁል ላይ ደግሞ 5 ቮልት ሌላ ጣጣ አለው፤ ቻርጅ የማትደረገውን ሲአር2032 ባትሪ ቻርጅ ለማድረግ ትሞክራለች። ስክሪኑ 5 ቮልት ካስፈለገው መሀል ላይ ቮልት የሚያስማማ መቀየሪያ ይግባ። ይህን እንደ ምክር ሳይሆን እንደ ግዴታ ያዙልኝ።

ሁለተኛው ነጥብ፤ መንገዱ እንዴት ይከፈታል? ይሄ አጭር ነው፤ ሰው ግን ከዚህ ስለሚጀምር ይሳሳታል።

ፓይዋን አጥፉ። ከ40ዎቹ እግሮች 1 ቁጥር 3.3 ቮልት፣ 3 ቁጥር ኤስዲኤ፣ 5 ቁጥር ኤስሲኤል፣ 6 ቁጥር ግራውንድ ነው። አራት ጃምፐር፤ በቃ። 27 እና 28 ቁጥርም አይ-ቱ-ሲ ናቸው፤ እነሱ ግን ከላይ የሚለበሱ ሰሌዳዎች ራሳቸውን የሚያስተዋውቁባቸው ስለሆኑ አትንኳቸው።

አብሩና ራስፒ-ኮንፊግ የሚለውን ፕሮግራም በአስተዳዳሪ ሥልጣን ክፈቱ፤ ኢንተርፌስ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ አይ-ቱ-ሲ፣ ከዚያ የስ። ይህን ስትጫኑ ከበስተጀርባ ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ፣ ኮንፊግ በሚባለው የማስነሻ ፋይል ውስጥ የአይ-ቱ-ሲውን ሃርድዌር የሚቀሰቅስ አንድ መስመር ይጻፋል። ሁለተኛ፣ ከርነል በሚባለው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ላይ አይ-ቱ-ሲ-ዴቭ የሚባል ሞጁል ይጫናል፤ እሱ ለእናንተ ፕሮግራም በሩን ይከፍታል። ሃርድዌሩ ነቅቶ በሩ ከተዘጋ አይሠራም፤ በሩ ተከፍቶ ሃርድዌሩ ከተኛም አይሠራም። ቪዲዮ አይታችሁ ፋይሉን በእጃችሁ የምታርሙ ከሆነ አንድ ነገር እወቁ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ከወጣው የፓይ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ከቡክዎርም ጀምሮ ፋይሉ ቡት ከሚባለው ፎልደር ወደ ውስጠኛው ፈርምዌር ፎልደር ተዛውሯል። የድሮ ቪዲዮ ተከትሎ በድሮው ቦታ የጻፈ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢታገል ለውጥ አያይም።

«ፈቃድ የለህም» የሚል መልስ ከመጣ ደግሞ ሁሉን ነገር በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማስኬድ መፍትሔ አይደለም። ተጠቃሚውን አይ-ቱ-ሲ የሚባለው ግሩፕ ውስጥ አስገቡት፤ አንዴ ወጥታችሁ ግቡ፣ ያልቃል።

አሁን ስም ጥሪው። አይ-ቱ-ሲ-ዲቴክት የሚባለውን ትእዛዝ በባስ፣ ማለትም በጋራ መስመር፣ ቁጥር 1 ላይ አስኪዱ። ይህ ትእዛዝ መምህሩ ናቸው፤ አድራሻዎቹን አንድ በአንድ ይጠራል፣ ዝም ባለው ቦታ ሰረዝ፣ «አቤት» ባለው ቦታ ቁጥሩን ይጽፋል። ተመልከቱ፤ ስክሪኑ ላይ 68 አለ፤ ሰዓታችን ናት። ግን 57ም አለ! አንድ ሞጁል ሰክተን ሁለት «አቤት» ሰማን። አትደንግጡ፤ በብዙዎቹ የሰዓት ሞጁሎች ላይ ከሰዓቱ ጎን አንዲት ትንሽ የማስታወሻ ቺፕ አለች፤ 57 የእሷ ናት።

ሰዓቷን ለከርነሉ ለማስረከብ ኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ አርቲሲ የሚባለውን የሰዓት መስመር ከዲኤስ3231 ስም ጋር ጨምሩና እንደገና አስነሱ። ስም ጥሪውን ድገሙት። አሁን በ68 ቦታ ቁጥሩ ጠፍቶ ሁለት የ«ዩ» ፊደል ታያላችሁ። አንድ ተማሪ ይህን አይቶ «ሰዓቷ ተቃጠለች» ብሎ ነቅሎ ሊጥላት ሲል ደርሼበታለሁ። ትርጉሙ ተቃራኒው ነው፤ «ይቺን ከርነሉ ይዟታል፣ እኔ ልጠራት አልችልም» ማለት ነው። ትክክለኛ ሰዓት ካገኛችሁ በኋላ በኤችደብሊው-ክሎክ ትእዛዝ ወደ ቺፗ ጻፉ፤ የውሸት ሰዓት የሚያስቀምጠውን አሮጌ ፕሮግራም አስወግዱ። በቺፗ ውስጥ የሚቀመጠው የዓለም አቀፉ ሰዓት እንዲሆን ተዉት። የኛን አቆጣጠር ከፈለጋችሁ ስታሳዩ ብቻ ቀይሩ፤ 3 ደምረን 6 ስለምንቀንስ ከዓለም አቀፉ 3 መቀነስ ነው። በዓለም አቀፉ 4 ሲሆን እኛ ጋ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉም የምወደው ነጥብ፤ እምቢ ሲል ከየት ይጀመራል?

ከሽቦው ይጀመራል። ከፕሮግራሙ አይጀመርም። ይህን ደግሜ እላለሁ፤ ከሽቦው ይጀመራል። የኔ ልማድ ይህ ነው። በቴስተር ሞጁሉ ላይ 3.3 ቮልት መድረሱን እለካለሁ። ምንም ሳይነጋገር ኤስዲኤና ኤስሲኤል ሁለቱም ወደ 3.3 ቮልት የተጠጉ መሆናቸውን አያለሁ። አንዱ ዜሮ ላይ ከሆነ አንድ ሰው ገመዱን ይዞ አልለቀቀም ማለት ነው፤ ሞጁሎቹን አንድ በአንድ እየነቀልኩ ማን እንደያዘው እፈልጋለሁ። ከዚያ ስም ጥሪ። ማንም «አቤት» ካላለ ኤስዲኤና ኤስሲኤል ተቀያይረው ይሆናል፣ ግራውንድ ተረስቶ ይሆናል፣ ወይም የሞጁሉ እግሮች ሳይበየዱ ቀዳዳው ላይ እንዲሁ ተሰክተው ይሆናል። እግሩ ያልተበየደ ሞጁል ስትጫኑት ይሠራል፣ ስትለቁት ይጠፋል፤ ስንት ሰው ፕሮግራሙን እንደገና የጻፈው በዚህ ነው! «አቤት» ተብሎ ንባቡ ከተበላሸ ግን፣ ሞክሼ ከሌለ፣ ሽቦውን ተዉትና ወደ ፕሮግራሙ ሂዱ። የቺፑ ሰነድ አድራሻውን በ8 ቢት ጽፎት ሊሆን ይችላል፤ «ዲ0» የሚል ካያችሁ በሄክሳዴሲማል ለሁለት ስታካፍሉት 68 ይሆናል።

ሽቦው ከረዘመ ሌላ ጉዳይ ይመጣል። ረጅም ሽቦ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፤ ላስቲኩ ገመዱን ቶሎ መመለስ ያቅተዋል። ደንቡ የሚፈቅደው ጠቅላላ ክምችት 400 ፒኮፋራድ ነው። አይ-ቱ-ሲ ለሰሌዳ ውስጥ ንግግር እንጂ ከክፍል ወደ ክፍል ለመጠራራት አልተሠራም። ግድ ከሆነ ከበሮውን አዘግዩት፤ ራስቤሪ ፓይ የምትጀምረው በሰከንድ 100,000 ምት ነው፤ በዚያው ኮንፊግ ፋይል ወደ 10,000 ማውረድ ይቻላል። ለሙቀት ልኬት ይህ ከበቂ በላይ ነው። ማዘግየት ለሌላም ነገር ይረዳል። አንዳንድ ቺፕ መልስ እስኪያዘጋጅ ኤስሲኤልን ይዞ «ቆዩኝ» ይላል፤ ከራስቤሪ ፓይ 4 በፊት የነበሩት ፓይዎች ደግሞ ይህን «ቆዩኝ» በትክክል የማይሰሙበት የታወቀ የቺፕ ጉድለት አለባቸው።

አንድ ምሳሌ ልጨምርና ላብቃ። ከእናንተ መካከል አንዱ ልጅ ቢኤምኢ280 የሚባለውን የሙቀት፣ የእርጥበትና የአየር ግፊት ሴንሰር ገጥሞ ግፊቱ 770 ሄክቶፓስካል ሲመጣበት «ተበላሽቷል፤ መጽሐፉ 1013 ይላል» ብሎ እንደተወው ሰምቻለሁ። ልጄ፣ ሴንሰርህ ደህና ነው! 1013 የባሕር ጠለል ግፊት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ እዚህ አየሩ ስስ ነው፣ 770 አካባቢ መሆን ያለበት ነው። 1013 ቢያሳይህ ኖሮ ነው መጠራጠር የነበረብህ። ስም ተጠርቷል፣ «አቤት» ተብሏል፣ ቁጥሩም ያለህበትን ቦታ እውነት ነግሮሃል። ሴንሰርህን ከሳጥኑ አውጣው።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ አንዲት ራስቤሪ ፓይ ከሰዓቷ ጋር አለች። ኔትወርክ አላገናኘኋትም። ንግግሬን ስጀምር ሊቀመንበራችሁ ከሶኬት ነቅላታለች፤ እስካሁን መብራት አላገኘችም። አሁን ወደ ፊት ኑ፤ አንዳችሁ ስኳት፣ ሌላችሁ ስልካችሁን አውጥታችሁ ሰዓታችሁን ያዙ፤ ስትነሳ የምትለውን እንይ።